በአፋር ምድር ሥር ምን እየሆነ ነው? ስለ ተከታታዩ የመሬት መንቀጥቀጥ ማወቅ ያለብን

በቪዲዮ ዝግጅቶቻችን ሥር በተደጋጋሚ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ የአፋር ምድር ጉዳይ ነው። "ኢትዮጵያ ለሁለት ልትከፈል ነው የሚባለው እውነት ነው?" "እናቴ ኮንዶሚኒየም ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፣ ላውጣት ወይ?" "ትልቁ ገና ይመጣል የሚሉት ነገር ምንድን ነው?" የሚሉ ናቸው። በሃያ ደቂቃ ንግግር ሁሉንም መመለስ አልቻልንም። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምረን በጽሑፍ ለማስቀመጥ ወሰንን። ስልክ በደወለና ወሬ በተሰማ ቁጥር ተመልሳችሁ የምታዩት እንዲሆን ነው ሐሳባችን።

ሦስት ንጣፎች የሚለያዩበት ቦታ

የምንቆምበት መሬት አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም። የምድር የላይኛው ቅርፊት በትላልቅ ንጣፎች የተከፋፈለ ነው። እነዚህ ንጣፎች በጣም በዝግታ፣ ጥፍራችን በሚያድግበት ፍጥነት ወይም ከዚያ ባነሰ ይንቀሳቀሳሉ። አፋር የሦስት ንጣፎች መገናኛ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ የዓረቢያ፣ በምዕራብ የኑቢያ (ማለትም ዋናው የአፍሪካ ክፍል)፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የሶማሊያ ንጣፍ። መገናኛ እንላለን እንጂ እውነቱ መለያያ ነው። ሦስቱም እርስ በርስ እየተራራቁ ነው። ቀይ ባሕር አንዱ ስንጥቅ ነው፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ሁለተኛው፣ ከአፋር ተነስቶ በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይና በሐዋሳ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርደው የእኛ ስምጥ ሸለቆ ሦስተኛው።

ፍጥነታቸው አንድ አይደለም። በሰሜኑ የአፋር ክፍል የዓረቢያ ንጣፍ በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይርቃል። በመተሐራና በአዋሽ በኩል ያለው የስምጥ ሸለቆ ክፍል ግን በዓመት የሚሰፋው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ "ለሁለት ትከፈላለች" የሚለው ወሬ መነሻው ይኸው ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን ጉዳዩ የሚሊዮን ዓመታት ነው። የእኛም የልጅ ልጆቻችንም ዕድሜ አይበቃውም። ለእኛ የሚያሳስበን መሬቱ በየቀኑ እኩል እየተሳበ አለመሄዱ ነው። ለመቶ ዓመታት ተወጥሮ ይቆይና በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። መንቀጥቀጡ የሚመጣው ያኔ ነው።

"ተከታታይ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን የምናውቀው የመሬት መንቀጥቀጥ እንደ ቱርኩ ዓይነት ነው። አንድ ትልቅ ይመጣል፣ ከዚያ እያነሱ የሚሄዱ ተከታዮች አሉት። በአፋርና በስምጥ ሸለቆ ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ መቶዎች፣ አንዳንዴም ሺዎች ትናንሽና መካከለኛ መንቀጥቀጦች እንደ ንብ መንጋ አንድ አካባቢ ይፈላሉ። የትኛው ዋናው፣ የትኛው ተከታዩ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ዛሬ 4.5፣ ነገ 4.9፣ ከአሥር ቀን በኋላ 5.5 ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቅልጥ አለት ነው። ከጥልቀት የሚነሳው ቅልጥ አለት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መውጣት ሲያቅተው በተወጠረው ድንጋይ መካከል ወደ ጎን ሰርጎ ይገባል። ቀጭን፣ ረጅም፣ የቆመ ግድግዳ የመሰለ ቅርጽ ይይዛል። ባለሙያዎቹ "ዳይክ" ይሉታል። ሽብልቅ ግንድ ሲፈልጥ አስቡት፤ ሽብልቁ በገባ ቁጥር ግንዱ ቃ! ቃ! ይላል። ያ "ቃ" የሚለው ድምፅ ነው ከላይ ላለው ሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የሚሆነው። ሽብልቁ ወደፊት ሲሄድ መንቀጥቀጡም ቦታውን እየቀየረ አብሮት ይሄዳል። ለዚህ ነው አንድ ሳምንት መተሐራ አጠገብ የነበረው በሚቀጥለው ወደ ሰሜን ተሻግሮ የምናገኘው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ስህተታችንን እናርም። እኛም በዝግጅቶቻችን "በሬክተር ስኬል" እያልን ስንናገር ቆይተናል። ስሙ ሪክተር ነው፣ ልኬቱም ለመካከለኛና ለትላልቅ መንቀጥቀጦች ዛሬ በሌላ ዘዴ ነው የሚሰላው። "መጠኑ 5.5" ማለት ይበቃል። ዋናው ነገር ቁጥሩን እንዴት እንደምናነበው ነው። ከ5 ወደ 6 መሄድ የአንድ ነጥብ ልዩነት ይምሰል እንጂ የሚለቀቀው ኃይል በ32 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። በ2023 እ.ኤ.አ. ቱርክንና ሶሪያን የመታው 7.8 ነበር። በእኛ አገር በ2017 ዓ.ም. ከተመዘገበው ትልቁ፣ ማለትም 6.0 ገደማ ከነበረው፣ በኃይል 500 እጥፍ ይበልጣል። "እንደ ቱርክ ሊሆን ነው" ለሚል ሰው መጀመሪያ የምንነግረው ይህንን ነው።

ታሪኩ አዲስ አይደለም

"በኛ ዕድሜ ታይቶ አይታወቅም" የሚለውን ብዙ ሰምተናል። ታይቶ ይታወቃል። ነሐሴ 1898 ዓ.ም. (ነሐሴ 1906 እ.ኤ.አ.) በላንጋኖ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ከ6.5 በላይ እንደነበር ይገመታል። አዲስ አበባንም አናውጧል።

በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት ጀምሮ እስከ ክረምቱ ማብቂያ ድረስ በካራ ቆሬና በማጀቴ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ነበር። ትልቁ ግንቦት 24 ቀን ነበር የደረሰው። ማጀቴ ፈረሰች፣ ካራ ቆሬም ብዙ ቤቶች ወደቁ፣ የደሴ መንገድ ተሰነጠቀ። ወሎና ሰሜን ሸዋ ያደጉ አባቶችና እናቶች ዛሬም ያስታውሱታል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ካለ ጠይቁ።

መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ መንደር ፈረሰች፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ነሐሴ 1981 ዓ.ም. ደግሞ በዶቢ፣ በአሰብ መንገድ ላይ፣ ከ6 በላይ የሆኑ መንቀጥቀጦች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተደራርበው መጡ። በጎረቤት ጅቡቲ በአሳል ሐይቅ በኩል በኅዳር 1978 እ.ኤ.አ. ተከታታዩ መንቀጥቀጥ በአርዱኮባ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ተጠናቀቀ።

ይህን ታሪክ በሥርዓት የምናውቀው በአንድ ሰው ድካም ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። አባ ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ አቋቁመው ለዓመታት መሩ። በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው ዛሬም ይጠቀሳል። የእሳቸው ጣቢያ ወራሽ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጂኦፊዚክስ፣ የጠፈር ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም ነው።

ዳባሁ፣ መስከረም 1998

ሳይንቲስቶቹን ከመላው ዓለም ወደ አፋር ያስመጣው ግን የ1998ቱ ነው። መስከረም 4 ቀን ገደማ በሰሜን ምዕራብ አፋር፣ በዳባሁ ተራራ አካባቢ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ መጠናቸው ከ3.9 በላይ የሆኑ ከ160 በላይ መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ። መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት፣ ዳኡሬ በተባለ ቦታ መሬቱ ተከፍቶ አመድ ወጣ። አርብቶ አደሮቹ ከብቶቻቸውን ነድተው ሸሹ።

የሳተላይት ምስል ሲታይ የተገኘው ነገር አስገራሚ ነበር። 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በሳምንታት ውስጥ፣ በሰፋበት ቦታ፣ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ይህ ንጣፎቹ በመቶዎች ዓመታት የሚጓዙት ርቀት ነው። ወደ ስንጥቁ የገባው ቅልጥ አለት 2.5 ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ቅልጥ አለት ገብቶ ወደ ላይ የወጣው እጅግ ጥቂቱ ነው። ሌላው እዚያው ከምድር በታች ቀዝቅዞ ቀረ። ከዚያ በኋላም እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚያው አካባቢ አሥራ ሦስት ተጨማሪ ዳይኮች ገብተዋል፤ በ2007 እና በ2009 እ.ኤ.አ. ላቫ ፈስሷል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛ፣ መንቀጥቀጥ በበዛ ቁጥር እሳተ ገሞራ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ጸጥ አለ ማለት አበቃ ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ የጀመረ ለዓመታት እያረፈ ሊመለስ ይችላል። አይስላንድ ውስጥ ክራፍላ በሚባለው ቦታ ከ1975 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የሆነው ይኸው ነው።

ፈንታሌና ዶፈን፣ 2017 ዓ.ም.

አሁን ወደ ቅርቡ እንምጣ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሳምንታት በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መስከረም 26፣ እሑድ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ፣ 4.9 የሆነው አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በነጠላ ጫማ ደረጃ ሲወርዱ የሚያሳየው ቪዲዮ ያኔ ነው ሁላችንም ስልክ ላይ የደረሰው።

ጋብ ብሎ ከቆየ በኋላ በታኅሣሥ አጋማሽ እንደገና ተነሳ። በዚህ ጊዜ ባሰ። ታኅሣሥ 25 በዶፈን ተራራ አካባቢ እንፋሎት፣ ጭቃና ድንጋይ ከመሬት ተስፈንጥሮ ወጣ። በማግስቱ ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የደረሰውን የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም 5.5 ሲል መዘገበው፣ ሌሎች ተቋማት ከዚያ ከፍ አድርገው ለኩት። የካቲት 7፣ ዓርብ ምሽት 5 ሰዓት ተኩል ገደማ 6.0 ገደማ የሆነው መጣ።

እኛ ውጭ ሆነን በብዛት የሰማነው የአዲስ አበባውን ድንጋጤ ነው። ዋናው ጉዳት ግን እዚያው ነበር። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች፣ በሳቡሬ ከተማ፣ በኦሮሚያም በኩል በፈንታሌ ወረዳ ቤቶች ፈረሱ፣ መሬት ተሰነጠቀ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በአስር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀው ወደ ጊዜያዊ መጠለያ ገቡ። መተሐራን አልፋችሁ በአዋሽ መንገድ የሄዳችሁ፣ በሰቃ ሐይቅ አጠገብ ያለውን ጥቁር ድንጋይ ታስታውሱታላችሁ አይደል? ከፈንታሌ የወጣ ላቫ ነው። የመጨረሻው የፈሰሰው ከ200 ዓመት በፊት ገደማ ነው። በ2017ቱ ግን ላቫ አልወጣም፤ ቅልጥ አለቱ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ከሥር ገብቶ ነው የቀረው።

አካባቢው ደግሞ ባዶ በረሃ አይደለም። የአዲስ አበባና ጅቡቲ መንገድና ባቡር በዚያ ያልፋል። የከሰም ስኳር ፋብሪካና የሸንኮራ አገዳ እርሻው እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ ባለሙያዎችን እንቅልፍ የነሳቸው 90 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውና እስከ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው የከሰም ግድብ ነው። ግድቡ ቆሟል። ግን ከሥሩ ለሚኖረው ሕዝብ ማስጠንቀቂያ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? በየት በኩል ይወጣል? የሚለው ጥያቄ መንቀጥቀጡ ጋብ ስላለ የሚዘጋ አይደለም።

ሃይሊ ጉቢ፦ አመዱ እስከ ሕንድ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ፣ በሰሜን አፋር ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ባለፉት 12,000 ዓመታት ፈንድቶ እንደሚያውቅ የሚናገር መዝገብ አልነበረም። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ሰማይ አድርጎ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ደረሰ። በረራዎች ተሰረዙ። በባሕረ ሰላጤው አገራት ያላችሁ ወገኖቻችን የአፋርን አመድ በአካባቢያችሁ ዜና ላይ አያችሁት። በአፍዴራ በኩል ደግሞ መንደሮች በአመድ ተሸፈኑ። ሰው ሞተ ተብሎ አልተዘገበም፤ ነገር ግን ሣሩ አመድ ሲለብስ ግመሉና ፍየሉ ምን ይብላ? ለአርብቶ አደር ይህ ከቤት መፍረስ አይተናነስም።

ወሬውና እውነቱ

"ዛሬ ሌሊት በ9 ሰዓት ትልቁ ይመጣል" የሚል የድምፅ መልእክት ብዙዎቻችሁ ደርሷችኋል። ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጦ መናገር የሚችል ባለሙያም መሣሪያም በዓለም ላይ የለም። ጃፓንም የላት፣ አሜሪካም የላት። የሚቻለው "ይህ አካባቢ ስጋት አለበት፣ እንቅስቃሴው ጨምሯል" ማለት ነው። ሰዓት የሚነግራችሁን ሰው መልእክት አታስተላልፉ።

"የሕዳሴው ግድብ ውኃ ነው ያመጣው" የሚለውም አለ። ግድቡ ያለው በጉባ፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ከፈንታሌ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። የግድብ ውኃ መንቀጥቀጥ ሲቀሰቅስ በራሱ በሐይቁ ዙሪያ ነው እንጂ አገር አቋርጦ አይደለም። የፈንታሌን ምክንያት ደግሞ ሳተላይቱ አሳይቶናል።

"ከ6 በላይ አይመጣም፣ ተረጋጉ" የሚለውም ልክ አይደለም። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የተመዘገበው ታሪክ ወደ 6.5 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚል ነው። ግን በዚያው የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ሥርዓት ውስጥ ታንዛኒያ በ1910፣ ደቡብ ሱዳን ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ከ7 በላይ አይተዋል። ማስፈራራትም ማዘናጋትም ጥሩ አይደለም።

አዲስ አበባና የምናሠራው ቤት

ፈንታሌ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርቀት 6.0 ያወዛውዛል እንጂ በደንብ የተሠራ ሕንጻ አይጥልም። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ምድር ቤት ካለው የበለጠ የሚሰማው ረጅም ሕንጻ በዝግታ ስለሚወዛወዝ ነው፤ ለስላሳ አፈር ላይ የቆመ ደግሞ ይብስበታል። መወዛወዝ ብቻውን የመውደቅ ምልክት አይደለም። እናቱን ከሰባተኛ ፎቅ ስለማውጣት የጠየቀን ወንድማችን፣ መልሳችን ይህ ነው፦ ፎቁን ሳይሆን ሕንጻውን ጠይቅ። ኮሎኑ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ መሐንዲስ ይየው። የልስን ስንጥቅ ብቻ ከሆነ እናትህን አታንገላታ።

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንውቀስ። ከዚህ ገንዘብ እየላክን አገር ቤት ፎቅ የምናሠራ ብዙዎች ነን። አገሪቱ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት የሕንጻ ደንብ አላት፣ በኋላም ተሻሽሏል። ወረቀቱ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ፌሮው ሲቀነስ፣ ስታፋው ሲራራቅ፣ ሲሚንቶው ሲሳሳ፣ ለጂ ፕላስ ሁለት በተሠራ መሠረት ላይ ጂ ፕላስ አራት ሲጫን ነው። ምድር ቤቱን ለሱቅ ብለን ግድግዳ አልባ አድርገን ከላይ ብሎኬት ስንደረድር ደግሞ ሕንጻው በቀጭን እግር ይቆማል፤ ሲናወጥ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። ስለዚህ ለሴራሚክና ለመስኮት ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የአፈር ምርመራውን ውጤትና የስትራክቸር ሥዕሉን ጠይቁ። ዘመድ ቢሆንም ባይሆንም፣ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ፌሮውን መጥቶ የሚያይ ገለልተኛ መሐንዲስ ይኑራችሁ።

በነገራችን ላይ የአፋር ሰው በሰሌን የሚሠራው ክብ ቤት፣ አሪ፣ በመንቀጥቀጥ ቢወድቅ እንኳ ሰው አይገድልም። የሚገድለው ያለ ማሰሪያ የተደረደረ ድንጋይና በደንብ ያልተሠራ ብሎኬት ነው።

ለቤተሰብ የምንነግረው

ስትደውሉ "አይዟችሁ" ብቻ አትበሉ፤ እነዚህን ንገሯቸው። ሲናወጥ ፎቅ ላይ ከሆኑ ደረጃ አይሩጡ፣ ሊፍት አይግቡ። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተው እግሩን ይያዙ፣ ከመስኮትና ከቁም ሳጥን ይራቁ። ምድር ላይ ባለ ቤት በር አጠገብ ከሆኑ ወደ ሜዳ ይውጡ፣ ከአጥርና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ይራቁ። ሲቆም የጋዝ ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ ሻማ አይለኩሱ። ቁም ሳጥኑንና ቴሌቪዥኑን ከአሁኑ ግድግዳ ላይ ያስሯቸው፤ ጣሪያ ላይ ያለ የውኃ ሮቶም ይታሰር። እኛም በአንድ ጊዜ ሁላችን ስንደውል ኔትወርኩ ይጨናነቃል፤ አጭር መልእክት ይሻላል። ለቤተሰቡ በሙሉ የሚመልስ አንድ ሰው ከአሁኑ ይመረጥ።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንበል። አዲስ አበባ መወዛወዝ ሲያቆም ዜናው ቆመ። እኛም ወደ ሌላ ርዕስ አለፍን። ከሳቡሬና ከዱለቻ የወጡት ግን ቤታቸው በዜናው ፍጥነት አልተሠራም። የተሰነጠቀ መሬት ላይ ተመለሱ ማለት ይቻላል ወይ? አዲስ ቦታ ቢሰፍሩስ ለከብቱ ግጦሽና ውኃ አለ ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ለሚመለከተው ሁሉ ማቅረባችንን እንቀጥላለን። የአፋር ወይም የከረዩ ተወላጅ የሆናችሁ፣ ከአካባቢው የምታውቁትን ብትነግሩን ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው። መሬቱ እንደገና መናወጡ አይቀርም። ያኔ የሚያገኘን ስንዘናጋ ነው ወይስ ተዘጋጅተን የሚለው ግን በእጃችን ነው።